የፋብሪካ ፍጥነት በቆላ አየር፦ የግራፊክስ ካርድና የማቀዝቀዣው ታሪክ

ከጎንደር ደጋ ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ገንዳ ውሃና ወደ መተማ፣ ወይም በሌላው አቅጣጫ ወደ ታች አርማጭሆዋ ከተማ ወደ ሳንጃ የሚወርድ መንገደኛ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከደጋ አየር ወጥቶ ወደ ጠራ ቆላ ይገባል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራትም የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 በደረሰ ጊዜ መተማ የኢትዮጵያና የሱዳን ነጋዴዎች የሚገናኙባት የታወቀች ገበያ ነበረች፤ በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚህችው ስፍራ በመሆኑ ከተማዋ እስከ ዛሬ በስማቸው ትጠራለች። ወደዚህ ቆላ የወረደ ሰው፣ ከብትና ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ የሚፈተነው በሙቀቱ ነው። ዛሬ ከሰሊጡና ከጥጡ ገበያ ጎን የሠርግ ቪዲዮ ለማቀናበር፣ ፎቶ ለማዘጋጀት ወይም ጌም ለማጫወት የሚገባው ኮምፒውተርም ከዚህ ፈተና አያመልጥም፤ ከኮምፒውተሩ ክፍሎች መካከል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የሚብሰውን ሙቀት የሚያመነጨው የግራፊክስ ካርዱ ነው።

የግራፊክስ ካርድ በስክሪን ላይ የሚታየውን ምስል የሚያሰላ ራሱን የቻለ ሰሌዳ ሲሆን፣ ዋናው ቺፕ፣ ማስታወሻው፣ ኤሌክትሪኩን እየመጠነ የሚያድለው ክፍልና በላያቸው የተገጠመው ማቀዝቀዣ በአንድነት ያቆሙታል። ቺፑ ሥራውን የሚሠራው በሰከንድ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ በሚመታ ምት ነው፤ ይህ ምት የክሎክ ፍጥነት ይባላል፤ አንድ ሜጋኸርዝ ማለትም በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ምት ነው። ምቱን ቺፑን የነደፈው ኩባንያ ከወሰነው በላይ ማፋጠን ኦቨርክሎክ ሲባል፣ ይህን ሥራ ገዢው ራሱ ሳይሆን ካርዱን የገጠመው ፋብሪካ ሠርቶ፣ ዋስትና ሰጥቶ፣ የራሱን ማቀዝቀዣ አልብሶ ሲሸጠው በፋብሪካ ኦቨርክሎክ የተደረገ ካርድ ይባላል። የዚህ ዓይነቱ ካርድ ታሪክ በተለምዶ የፍጥነት ታሪክ ተደርጎ ይተረካል። ከሳንጃና ከመተማ ቆሞ ለሚያየው ግን የማቀዝቀዣ ታሪክ ነው፤ ፍጥነቱ ከማቀዝቀዣው የተገኘ ትርፍ እንጂ በራሱ የቆመ ነገር አልነበረም።

ልማዱ የተጀመረው በፋብሪካ ሳይሆን በተጠቃሚዎች እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለውን ርካሽ ፕሮሰሰር ባወጣ ጊዜ፣ ከማዘርቦርዱ የሚደርሰውን ምት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ በማሳደግ ብቻ ፕሮሰሰሩን ከ300 ወደ 450 ሜጋኸርዝ ማድረስ እንደሚቻል ታወቀና፣ በርካሽ ዋጋ የውድ ዕቃ አቅም ማግኘት በብዙ አገር የሚሞከር ሙያ ሆነ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በግራፊክስ በኩል ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1996 የወጣው የስሪዲኤፍኤክስ ቩዱ ካርድ በ50 ሜጋኸርዝ የሚሠራና ፋን የማያስፈልገው ነበር። በ1999 ግን ኤንቪዲያ ቲኤንቲ2 የተባለውን ቺፕ ለልዩ ልዩ ካርድ ሠሪዎች ሲያድል መደበኛውን በ125፣ አልትራ ያለውን በ150 ሜጋኸርዝ ወስኖ ሳለ፣ እንደ ሄርኩለስ ያሉ ካርድ ሠሪዎች ከዚህ በላይ አፍጥነው ለመሸጥ ተሽቀዳደሙ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ ሁሉም ቺፑን የሚገዙት ከአንድ ኩባንያ በመሆኑ አንዱ ከሌላው ተሽሎ የሚታይበት መንገድ የቀረው በፍጥነቱና በማቀዝቀዣው ብቻ ነበር። በአንድ ዓይነት ሥራ ከወጡ ቺፖች መካከል አንዳንዶቹ በአነስተኛ ቮልቴጅ ከፍ ያለ ፍጥነት ስለሚችሉ፣ ፋብሪካዎቹ እነዚህን እየፈተኑ መለየትና በተለየ ስም በተለየ ዋጋ መሸጥ ጀመሩ፤ ይህም ምርጫ የንግዱ ቋሚ ሥርዓት ሆኖ ቆየ።

ፍጥነት ሲጨምር የሚበላው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ ፍጥነቱን ለመሸከም ቮልቴጁም ከፍ ካለ ደግሞ ፍጆታው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ያድጋል፤ ወደ ካርዱ የገባው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ ከትንሽ ፋን ወደ ትልቅ ማቀዝቀዣ መሸጋገሩ የማይቀር ነበር። በ1999 መጨረሻ የወጣው ጂፎርስ 256 በ120 ሜጋኸርዝ ሲሠራ አንዲት ትንሽ ፋን ትበቃው ነበር፤ በ2003 መጀመሪያ ለገበያ የደረሰው ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5800 አልትራ ግን 500 ሜጋኸርዝ ለመድረስ ከኮምፒውተሩ ሁለት የካርድ ቦታ የሚይዝና እንደ አቧራ መጥረጊያ ማሽን የሚጮህ ነፋሻ ተሸክሞ መጣ፤ ድምፁ ከምስሉ በላይ የሚወራለት ሆነና በጥቂት ወራት ውስጥ በሌላ ሞዴል ተተካ። ለካርድ ሠሪዎች ትምህርቱ ዘላቂ ነበር። የስዊዘርላንዱ አርክቲክ ኩሊንግና የደቡብ ኮሪያው ዛልማን ለብቻው የሚሸጥ ጸጥተኛ ማቀዝቀዣ ይዘው ገበያ ገብተው ስለ ነበር፣ ገዢው ለካርዱ ከከፈለው ሌላ ለማቀዝቀዣ ተጨማሪ እንደሚከፍል ፋብሪካዎቹ አዩ፤ ያንን ገንዘብ ራሳቸው ለመውሰድም ማቀዝቀዣውን ከካርዱ ጋር ገጥመው መሸጥ ያዙ። የኤምኤስአይ ትዊን ፍሮዘር፣ የጊጋባይት ዊንድፎርስ፣ የኤሱስ ዳይሬክትሲዩና የሳፋየር ትራይ-ኤክስ የተባሉት ስሞች ከዚህ ፉክክር የተወለዱ ናቸው።

በእነዚህ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የሙቀት ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ በውስጡ ጥቂት ፈሳሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ፣ ተደርጎበት አየሩ ተመጥጦ የታሸገ የመዳብ ቧንቧ ሲሆን፣ በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የሠራው ጆርጅ ግሮቨር በ1963 ሠርቶ ካሳየው በኋላ መጀመሪያ ለሕዋ መሣሪያዎች ያገለግል ነበር። ቺፑን በሚነካው ጫፍ ፈሳሹ ሙቀት ስቦ ይተናል፤ እንፋሎቱ ወደ ሌላው ጫፍ ተጉዞ ለቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች ሙቀቱን ያስረክብና ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፈሳሹም በቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በተሠራው ቀዳዳ የበዛበት ንጣፍ እየተሳበ ወደ ቺፑ ይመለሳል። በቆላው በኩል ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በድንበሩ ወዲያ ማዶ ሱዳኖች ዚር የሚሉት ያልተቀባ የሸክላ ውሃ ማኖሪያ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ከገላው የሚተነው እርጥበት ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም። ዚሩ ትነቱን ወደ ውጭ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር በታች ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ የሙቀት ቱቦው ግን ዝግ በመሆኑ ሙቀትን ከቦታ ቦታ ያጓጉዛል እንጂ አያጠፋም፤ በመጨረሻ ሙቀቱን የሚቀበለው የክፍሉ አየር ነው። ምንም ያህል ፋንና ቱቦ ቢበዛ በአየር የሚቀዘቅዝ ካርድ ከክፍሉ አየር በታች ሊወርድ አይችልም፤ የቆላው ጥያቄ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ካርድን መመዘን ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ያደገው ከዚሁ ንግድ ጋር ጎን ለጎን ነው። መጀመሪያ መዛኞች የሚቆጥሩት በሰከንድ የሚሣሉትን ምስሎች ብዛት ብቻ ነበር፤ ከ1998 ጀምሮም የፊንላንዱ ፊውቸርማርክ ያወጣው ስሪዲማርክ የተባለ ፕሮግራም የጋራ መለኪያ ሆነ። መለኪያ ባለበት ማታለልም አልጠፋም፤ በ2001 የኤቲአይ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ክዌክ 3 የተባለውን ጌም በስሙ እየለየ የምስሉን ጥራት ዝቅ በማድረግ ፍጥነት ሲጨምር ተገኘ፤ በ2003 ደግሞ የኤንቪዲያ ድራይቨር በስሪዲማርክ ላይ ተመሳሳይ ነገር ማድረጉን ፊውቸርማርክ ራሱ ይፋ አወጣ። በ2011 ስኮት ዋሰን የተባለው መዛኝ የአማካዩ ቁጥር ብዙ እንደሚደብቅ አሳይቶ እያንዳንዱ ምስል የወሰደውን ጊዜ መለካት ሲጀምር ሙያው አንድ እርምጃ ከፍ አለ። በ2016ም የኤምኤስአይና የኤሱስ ካርዶች ለመዛኞች የተላኩት ለገበያ ከቀረቡት በጥቂት ሜጋኸርዝ ፈጥነው እንዲነሡ ተደርገው መሆኑ ተጋለጠ። እነዚህ ክርክሮች ሁሉ የሚጠቅሙ ነበሩ፤ ሆኖም ሁሉም የተደረጉት በ20ዎቹ ዲግሪ መጀመሪያና መካከል በሚገኝ፣ ብዙውን ጊዜ በማሽን በሚቀዘቅዝ ክፍል ውስጥ ነበር፤ የክፍሉን ሙቀት እንደ ዋና ነገር የያዘውም ጥቂት ነው።

የክፍሉ ሙቀት ዋና ነገር የሆነው በ2012 እና በ2013 በተከታታይ በመጡ ሁለት ለውጦች ነው። በመጋቢት 2012 የወጣው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 680 በሳጥኑ ላይ አንድ ፍጥነት ብቻ አልተጻፈበትም፤ 1006 ሜጋኸርዝ መነሻው፣ 1058 ደግሞ ሁኔታው ሲፈቅድ የሚደርስበት ሆነ፤ ካርዱም የሚበላውን ኤሌክትሪክ እየተከታተለ ራሱን ማፍጠንና ማዘግየት ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት የካቲት የወጣው ጂቲኤክስ ታይታን ይህን ውሳኔ በሙቀት ላይ አሳረፈው፤ ቺፑ 80 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቱ መቀነስ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ በሳጥን ላይ የታተመ ፍጥነት የተስፋ ቁጥር ሆነ፤ የውል ቁጥር መሆኑ ቀረ፤ አንዱ ካርድ በጎንደርና በመተማ ሁለት የተለያየ ፍጥነት ያለው ካርድ ሆነ።

ይህን ለዓለም በግልጽ ያሳየው በጥቅምት 2013 የወጣው የኤኤምዲ ራዲዮን አር9 290ኤክስ ነው፤ በዚህ ንግድ ታሪክ ውስጥ የዚህን ካርድ ያህል በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ምዕራፍ የለም። ቺፑ በጊዜው ከነበሩት ኃያላን አንዱ ሲሆን፣ ኤኤምዲ ግን ከጫፍ አየር ስቦ ከኋላ የሚያስወጣ አንድ ፋን ያለው መደበኛ ማቀዝቀዣ አልብሶት አወጣው፤ ቺፑም በ95 ዲግሪ ላይ ተረጋግቶ እንዲሠራ ተነድፏል ሲል አስታወቀ። ፍጥነቱ «እስከ 1000 ሜጋኸርዝ» ተብሎ ተጻፈ። ቺፑ 95 ዲግሪ ሲደርስና ፋኑ ከተፈቀደለት በላይ መፍጠን ሳይችል ሲቀር ካርዱ ፍጥነቱን እየቀነሰ ይሄድ ነበር፤ ጸጥተኛ በተባለው አሠራር ላይ ከሱቅ የተገዙ አንዳንድ ካርዶች ለመዛኞች ከተላኩት ዘግይተው በመገኘታቸውም ኤኤምዲ የፋኖቹን ዙር በአዲስ ድራይቨር ለማስተካከል ተገደደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤሱስና ሳፋየር የራሳቸውን ማቀዝቀዣ ያለበሷቸው ካርዶች ሲመጡ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሦስት ፋን ያለው የሳፋየር ትራይ-ኤክስ በ1040 ሜጋኸርዝ እየሠራ ከመደበኛው ካርድ በብዙ ዲግሪ ቀዝቅዞ፣ ድምፁም ቀንሶ ተገኘ። በወረቀት ላይ የፋብሪካው ኦቨርክሎክ 4 በመቶ ብቻ ነበር። መደበኛው ካርድ ግን ሲግል 1000ውን እንኳ ስለማይዝ በእውነቱ ያለው ልዩነት ከዚያ ይሰፋ ነበር፤ ያንን ልዩነት የሰጠውም ተጨማሪው 40 ሜጋኸርዝ ሳይሆን መዳቡ፣ ክንፎቹና ሦስቱ ፋኖች ናቸው። ለቆላ ገዢ የዚህ ታሪክ ፍርድ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ የሚገዛው ማቀዝቀዣው ነው፤ ፍጥነቱ ምርቃት ነው።

ነገሩን በስሌት ማየት ይቻላል። 250 ዋት የሚበላ ካርድ በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ተፈትኖ ቺፑ 75 ዲግሪ ላይ ቢረጋጋ፣ ከክፍሉ በላይ የወጣው 50 ዲግሪ ነው፤ ይህም በአንድ ዋት 0.2 ዲግሪ ማለት ነው። ያው ካርድ ፋኑ በዚያው ዙር እየሠራ 42 ዲግሪ በሚሆን የሳንጃ ወይም የመተማ ክፍል ቢገባ ወደ 92 ዲግሪ ሊደርስ ነው፤ ቺፑ ከ83 ዲግሪ እንዳያልፍ ተደርጎ ከተነደፈ ደግሞ የሚፈቀድለት ፍጆታ 205 ዋት ብቻ ይሆናል። የፋብሪካው ኦቨርክሎክ በዚህ ይሰረዛል፤ ካርዱ ከመደበኛው ፍጥነት በታች ሊወርድም ይችላል። ማቀዝቀዣው ሰፋ ያለ ሆኖ በአንድ ዋት 0.14 ዲግሪ ብቻ የሚያስጨምር ቢሆን ግን ያው 250 ዋት በ42 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 77 ዲግሪ ላይ ይቆማል፤ ኦቨርክሎክ ተደርጎ 290 ዋት ቢበላ እንኳ 83 ዲግሪ አያልፍም። ካርዱ ያለበት ኬዝ ውስጥ ያለው አየር ከክፍሉም ስለሚሞቅ ይህ ስሌት ለቆላው የተሻለውን ሁኔታ ያሳየ እንጂ የከፋውን አይደለም። ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው፤ በደጋ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ክብደቱ ያንሳል፤ በ40 ዲግሪ የመተማ አየር እንኳ በ20 ዲግሪ ካለው የጎንደር አየር ከ10 በመቶ በላይ የከበደ ነው። ይሁን እንጂ በ83 ዲግሪ ቺፕና በክፍሉ አየር መካከል ያለው ልዩነት በጎንደር 63፣ በመተማ ደግሞ 43 ዲግሪ ብቻ በመሆኑ ቆላው በአየሩ ክብደት ያተረፈውን በሙቀቱ እጥፍ አድርጎ ይከስራል።

የፋብሪካ ኦቨርክሎክ ራሱ በኋለኞቹ ዓመታት እያነሰ ሄዷል፤ ቺፖቹ ራሳቸውን እስከ ዳር የሚያፋጥኑ በመሆናቸው ለካርድ ሠሪው የሚተርፍለት ጥቂት ነው። በመስከረም 2018 ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 2080ን በራሱ ስም ሲያወጣ መደበኛውን 1710 ሜጋኸርዝ ወደ 1800 አሳድጎ፣ ፍጆታውን ከ215 ወደ 225 ዋት አድርሶ፣ ሁለት ፋን አልብሶ ሸጠው፤ ቺፕ ነዳፊው ራሱ በአጋሮቹ ልማድ ገባ ማለት ነው። ዳር ላይ መሥራት አደጋ እንዳለውም በመስከረም 2020 ታይቷል፤ አዲሶቹ የአርቲኤክስ 3080 ካርዶች፣ በተለይ በፋብሪካ የተፋጠኑት፣ ከ2000 ሜጋኸርዝ በላይ ሲወጡ ጌሞችን በድንገት እየዘጉ ካስቸገሩ በኋላ ችግሩ የተፈታው በአብዛኛው ኤንቪዲያ በዚያው ወር ባወጣው አዲስ ድራይቨር ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2016 በአንዳንድ የኢቪጂኤ ካርዶች ላይ ቺፑ ቀዝቅዞ ሳለ ኤሌክትሪክ አዳዩ ክፍል ከልክ በላይ በመጋሉ፣ ኩባንያው ሙቀት አስተላላፊ ንጣፍ በነፃ ለማደል ተገዷል። በቆላ ይህ ሁለተኛው ታሪክ ከመጀመሪያው ይልቅ ያስተምራል፤ ብዙውን ጊዜ ስክሪን ላይ የሚነበበው የቺፑ ሙቀት ብቻ ስለ ሆነ፣ ማስታወሻውና ኤሌክትሪክ አዳዩ ክፍል ሲቃጠሉ ቁጥሩ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ለኤሌክትሮሊቲክ ኮንደንሰሮች በሙያው የሚታወቀው ግምታዊ ሕግም ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ እንደሚቀንስ ነው።

ከሙቀቱ ሌላ አቧራው አለ። ሰሊጥ በሚታጨድበትና መንገዱ በሚደርቅበት ወቅት የሚነሣው ደቃቅ አፈር በክንፎቹ መካከል ገብቶ ሲጋገር የተሻለውን ማቀዝቀዣ ከመደበኛው በታች ያወርደዋል። የተጠጋጉ ክንፎች ያሉት ማቀዝቀዣ በንጹሕ ክፍል ፈተና ሲያሸንፍ በቆላ ቶሎ ይደፈናል፤ በዚህ ምክንያት ፋኑ በቀላሉ ተፈትቶ የሚጸዳ መሆኑ ከጥቂት ሜጋኸርዝ የሚበልጥ መመዘኛ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በገንዳ ውሃ በኩል ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚሻገረው የ230 ኪሎቮልት መስመር በዚሁ ምድር ቢያልፍም፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ሁሉ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ከካርዱ ጋር አብረው ሊታሰቡ ይገባል። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 15 ቀን 2022 በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ሲያቆም ለወራት ሌሊትና ቀን የሠሩ ካርዶች በየአገሩ ገበያ ፈሰዋል፤ ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት መድረቁንና የፋኑ መሽከርከሪያ መላላቱን አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል።

ከዚህ ታሪክ ለቆላው የሚወጣው የምዘና ሥርዓት ከውጭ አገር መዛኞች ሥርዓት በአንድ ነገር ይለያል፤ የሚመዘነው ቺፑ የደረሰበት ሙቀት ሳይሆን ከክፍሉ በላይ የወጣበት ልዩነት ነው። ይህ ልዩነት ከታወቀ በቀዝቃዛ አገር የተደረገን ፈተና ወደ ሳንጃ ማምጣት ይቻላል፤ የክፍሉ ሙቀት ያልተጻፈበት ፈተና ግን ለቆላ ገዢ ምንም ያህል አይነግረውም። ካርዱ ከመነሻው በአምስት ደቂቃ ሳይሆን ኬዙ ተዘግቶ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ሙሉ ሥራ ተሰጥቶት፣ ፍጥነቱ ከወረደ በኋላ የሚረጋጋበት ቁጥር መመዝገብ አለበት፤ ቀጥሎም የፍጆታውን ጣሪያ በ10 ወይም በ15 በመቶ ዝቅ አድርጎ መፈተን ያስፈልጋል፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜጋኸርዞች የሚበሉት ኤሌክትሪክ ከሚሰጡት ጥቅም ጋር ስለማይመጣጠን ብዙ ካርድ በዚህ የሚያጣው ፍጥነት ትንሽ፣ የሚያተርፈው ቅዝቃዜ ግን ትልቅ ነው። በ42 ዲግሪ ክፍል ትልቅ ማቀዝቀዣ ያለው፣ በፋብሪካ ያልተፋጠነ ካርድ ትንሽ ማቀዝቀዣ ካለው ከተፋጠነው ይበልጣል፤ ዋጋቸው እኩል ከሆነ ምርጫው አያጠራጥርም። በአማርኛ ስለ ኮምፒውተር ዕቃ የሚጽፉና የሚያስተምሩ ሰዎች፣ በተለይም በጎንደርና በቆላው ከተሞች ያሉ የሙያ ማሠልጠኛዎች መምህራን፣ የሚፈትኑትን ካርድ ሁሉ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀን ዳግመኛ እንዲፈትኑት፣ ከውጤቱም ጎን የክፍሉን ሙቀት እንዲጽፉ ይጠየቃሉ።